የቸርኬ ቁጥር ሲያድግ የሚያድገውና የማያድገው

ሰሞኑን በአዳማ የመኪና ወዳጆች ዘንድ እጅ በእጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የስፖርት መኪና የገዛ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ፋብሪካው የሰጠውን ባለ 16 ወይም ባለ 17 ኢንች ቸርኬ አውልቆ ባለ 19 ወይም ባለ 20 መግጠም እንደሆነ ይመክራሉ። ምክንያቶቻቸው አምስት ናቸው፦ ትልቅ ቸርኬ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ስለሚሸፍን መኪናውን ያፈጥናል፤ ጎማው አስፋልቱን የሚነካበትን ስፋት ስለሚጨምር መሬት ያስይዛል፤ ፎርሙላ 1 እንኳ ከ13 ወደ 18 ኢንች የተሸጋገረው ይህን ስላወቀ ነው፤ የምቾት ችግር ቢኖር ንፋስ በመቀነስ ይፈታል፤ በመጨረሻም ትንሽ ቸርኬ ያለው የስፖርት መኪና ዐይን አይሞላም። ጽሑፉ በሚጥም አማርኛ የተጻፈ በመሆኑ ብዙዎች አምነውት ገበያ እስከ መውጣት ደርሰዋል፤ ከአምስቱ ምክንያቶች አንዱ ደግሞ የሰው ሕይወት ሊያስጠፋ የሚችል ስለሆነ ዝም ብሎ ማለፉን አልመረጥኩም። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር የሚያደበላልቃቸውን ሁለት ነገሮች መለየት ያስፈልጋል፤ የቸርኬው ዲያሜትር አንድ ነገር ነው፣ የጎማው ጠቅላላ ቁመት ሌላ ነው። በብዙ የቤት መኪኖች ላይ የምናየውን 205/55 አር 16 የሚል ጎማ እንውሰድ። የጎማው ወርድ 205 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የወርዱ 55 በመቶ፣ ማለትም 113 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ቸርኬው ደግሞ 16 ኢንች፣ ማለትም 406 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከላይና ከታች ያለውን ጎን ስንደምር ጠቅላላ ቁመቱ 632 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አሁን 225/40 አር 18 እንግጠም፤ ቸርኬው በሁለት ኢንች ያደገ ቢሆንም የጎማው ጎን ወደ 90 ሚሊ ሜትር ስለወረደ ጠቅላላ ቁመቱ 637 ነው። ልዩነቱ ከአንድ በመቶ በታች ነውና መኪናው በአንድ ዙር የሚሸፍነው መንገድ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለውጡ በአግባቡ ከተሠራ የመጀመሪያው ምክንያት ገና ሳይነሳ ይወድቃል፤ ብረት ጨምረን ላስቲክ ቀነስን እንጂ የሚንከባለለውን ክብ አላሳደግንም።

ጸሐፊው ግን በምሳሌነት ያቀረቡት ለዚያው መኪና 225/45 አር 19 መግጠምን ነው። ይህ ጎማ 685 ሚሊ ሜትር ይቆማል፣ ከፋብሪካው በ8.4 በመቶ ይበልጣል፣ እውነትም በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሸፍናል። ይሁን እንጂ ሞተሩ በጎማው በኩል አስፋልቱን የሚገፋበት ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ያው ጉልበት ከማዕከሉ ይበልጥ የራቀ ጠርዝ ላይ እየተተገበረ ነው። ውጤቱ በእያንዳንዱ ማርሽ ላይ ስምንት በመቶ ያህል የመነሻ ኃይል መጣል ነው። ከፍተኛ ፍጥነቱስ ይጨምር የለም? የሚጨምረው ሞተሩ በመጨረሻው ማርሽ የዙር ጣሪያውን እየነካ ገና ጉልበት ተርፎት ከነበረ ብቻ ነው፤ አብዛኞቹን መኪኖች የሚያቆማቸው ግን የነፋስ ግፊት ነው፣ እሱን ደግሞ ትልቅ ጎማ አያሸንፈውም። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗም መታሰብ አለበት። በዚህ ከፍታ ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ከ15 በመቶ በላይ ያጣል፤ በዚህ ላይ ሌላ ስምንት በመቶ በፈቃድ መጣል ከስፖርት ጋር ምን ዝምድና እንዳለው አይገባኝም። አዲሱን ቸርኬ ገጥሞ በፈጣን መንገዱ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የወረደና መኪናዬ ፈጠነልኝ ያለ ሰው ቢኖር፣ መንገዱ በብዙ መቶ ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት ነውና፣ ሲመለስ ያለውን ስሜት ቢጠይቅ ይሻላል።

ሌላም አለ። የፍጥነት መለኪያው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር እንጂ መንገዱን አይደለም። በ685ቱ ጎማ ሰሌዳው 120 ሲያሳይ መኪናው ቀድሞ 120 ሲል ከነበረው ፍጥነት በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ በልጦ ይሄዳል፤ በዚያ መንገድ የተፈቀደው ጣሪያ ደግሞ 120 ነው።

ጸሐፊው አልሙኒየም ቀላል ስለሆነ ክብደት አያሳስብም ማለታቸውም ግማሽ እውነት ነው። ባለ 16 የብረት ቸርኬ ከባለ 16 የአልሙኒየም ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ይከብዳል፤ ነገር ግን ባለ 19 በቅርጽ ማውጫ ፈሰስ የተደረገ ርካሽ አልሙኒየም ከፋብሪካው ባለ 16 አልሙኒየም በብዙ ኪሎ ሊከብድ ይችላል። በሌላ በኩል የጸሐፊው ተቃዋሚዎች በቸርኬ ላይ የሚጨመር አንድ ኪሎ አሥር ኪሎ እንደመጫን ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ይህም ስህተት ነው። በጎማው ጠርዝ ላይ የተጨመረ አንድ ኪሎ መኪናውን ለማፋጠን ሲባል ቢበዛ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ሁለት ኪሎ ጋር ይስተካከላል፤ አንዱ ወደፊት ለመሄድ፣ አንዱ ለመሽከርከር። አራቱም ቸርኬዎች በአራት አራት ኪሎ ቢከብዱ ከ32 ኪሎ የማይበልጥ ሸክም ነው፣ አንድ ሕፃን አሳፍሮ እንደመሄድ። ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ጉዳት ነው እንጂ ጥቅም አይደለም። በ2010 ካር ኤንድ ድራይቨር የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አንዱን ፎልክስዋገን ጎልፍ ከባለ 15 እስከ ባለ 19 እያፈራረቀ ሲለካው፣ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 60 ማይል ለመድረስ በባለ 15 የወሰደበት 7.6 ሰከንድ በባለ 19 ወደ 7.9 ከፍ አለ፣ የነዳጅ ፍጆታውም በአሥር በመቶ ያህል ባሰ።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ማለትም ትልቅ ቸርኬ መሬት ያስይዛል የሚለው፣ ከሁሉም የበለጠ የተስፋፋ እምነት ስለሆነ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። አንድ ጎማ አስፋልቱን የሚነካበት ስፋት በዋናነት የሚወሰነው በተሸከመው ክብደትና በውስጡ ባለው የንፋስ ግፊት ነው። ወርዱ ሲሰፋ የሚነካው ቦታ ቅርጹ ይለወጣል፣ ወደ ጎን ይረዝምና ወደፊትና ወደኋላ ያጥራል፤ ይህም በመታጠፊያ ላይ ይጠቅማል። ቸርኬው ብቻ ሲያድግ ግን ስፋቱ የሚጨምርበት ምክንያት የለም። ሰውን የሚያሳስተው አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ቸርኬ ሲገዛ አብሮ አዲስ፣ ሰፊና የተሻለ ላስቲክ ያለው ጎማ መግዛቱ ነው፤ ከዚያም ምስጋናው ሁሉ ለቸርኬው ይሰጣል።

ለዚህ ከቶዮታ ጂ.አር.86 የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ይህ መኪና በአንዳንድ ገበያዎች መነሻ ሞዴሉ 215/45 አር 17፣ ከፍ ያለው ሞዴል ደግሞ 215/40 አር 18 ይገጠምለታል። ወርዱ በሁለቱም ያው 215 ነው። ሆኖም በባለ 17ቱ ላይ ያለው ሚሼሊን ፕራይመሲ ለዝምታና ለረጅም ዕድሜ የተሠራ የቤት መኪና ጎማ ሲሆን፣ በባለ 18ቱ ላይ ያለው ፓይለት ስፖርት 4 ግን ስሙ እንደሚለው ለስፖርት የተሠራ ነው። ሁለቱን የነዳ ሰው ባለ 18ቱ መሬት ይዟል ቢል አልዋሸም፤ የያዘው ግን ላስቲኩ ነው። ያንኑ ዓይነት ላስቲክ በ17ቱ ቸርኬ ላይ ያጠለቀ ሰው ከልዩነቱ አብዛኛውን ያገኘዋል፣ ገንዘቡም ይተርፈዋል።

ወደ ፎርሙላ 1 ልለፍ። በ2022 ባለ 18 ኢንች መምጣቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ጸሐፊው ያሉት አይደለም። የቀድሞው ባለ 13 ኢንች ጎማ ጎኑ ወፍራም ስለነበር እንደ ሞላ እየተለጠጠ ይሠራ ነበር፤ በመንገድ ላይ ካለው የሰው ሁሉ ጎማ ጋርም የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። አምራቹ ፒሬሊ ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ ከፊት ያለውን መኪና በቅርብ ሲከተሉት ቶሎ የማይግል ጎማ መሥራት ሲሆን፣ ጎኑ ያጠረው ጎማም ለመንገድ መኪና ቴክኖሎጂ እንዲቀርብ ታስቦ ነው። ዋጋውም ክብደት ነበር፤ የመኪናው ዝቅተኛ ክብደት በ2021 ከነበረው 752 ኪሎ በ2022 ወደ 798 ሲያድግ ከባለ 18ቱ ቸርኬና ጎማ የመጣው ጭማሪ በውስጡ አለ። የጎማው ጠቅላላ ቁመትም ከ670 ወደ 720 ሚሊ ሜትር አደገ እንጂ ፍጥነት ለመጨመር ብሎ ያደረገው አንድም ቡድን የለም፤ ደንብ ነበር።

ከውድድር ዓለም ማስረጃ ይምጣ ከተባለ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፖርሽ 911 ጂ.ቲ.3 ለመንገድ ሲሸጥ ከፊት ባለ 20፣ ከኋላ ባለ 21 ኢንች ቸርኬ አለው። ያው ፋብሪካ ለውድድር የሚሠራው ጂ.ቲ.3 አር ግን በአራቱም በኩል ባለ 18 ነው። አንድ ሰከንድ ለመቆጠብ ሚሊዮን የሚያፈሰው ወገን ትንሹን ቸርኬ ሲገጥም፣ ለማማር የሚከፍለው ደንበኛ ትልቁን ይወስዳል። በ1998 በሰዓት 386 ኪሎ ሜትር የሄደውና ለዓመታት ክብረ ወሰኑን የያዘው ማክላረን ኤፍ1ም በባለ 17 ኢንች ቸርኬ ነበር የሄደው።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን አለመናገር ግን አግባብ አይሆንም። የጎማው ጎን ሲያጥር መሪ ሲጠመዘዝ የሚታጠፈው ላስቲክ ይቀንሳልና መኪናው ለመሪው ፈጥኖ ይታዘዛል፤ ይህን ስሜት ማንም አይክደውም። ትልቅ ቸርኬ ለትልቅ የፍሬን ዲስክ ቦታ መስጠቱም እውነት ነው። የ911 ጂ.ቲ.3 የፊት ዲስክ 408 ሚሊ ሜትር ሲሆን ባለ 16 ኢንች ቸርኬ ራሱ 406 ስለሆነ ዲስኩ ብቻውን እንኳ አይገባበትም፣ የሚጨምቀው ካሊፐር ሳይቆጠር። ስለዚህ የቸርኬው መጠን ከፍሬኑ ይነሳል፤ ፍሬኑ ሳያድግ ቸርኬውን ማሳደግ ቤቱን ከጣሪያ መጀመር ነው። ዲስኩ ሳይቀየር ጠቅላላ ቁመቱ ያደገ ጎማ ከተገጠመ እንዲያውም ያንኑ ያህል ለመቆም ፔዳሉን ጠንከር አድርጎ መርገጥ ይጠይቃል።

አሁን ከሁሉ ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። ጸሐፊው «የትልቅ ቸርኬ ግትርነት ከከበደዎት ንፋሱን ከ36 ወደ 26 ያውርዱት፣ ፈጣን መንገዱ እንደሆነ ልሙጥ ነው» ይላሉ፤ ቁጥሮቹ የንፋስ ግፊት በፒ.ኤስ.አይ. ናቸው። ከዚህ የከፋ ምክር መስጠት አይቻልም። ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ በውስጡ የሚይዘው የአየር መጠን ትንሽ ነው፤ መኪናውን የሚሸከመው ደግሞ ላስቲኩ ሳይሆን አየሩ ነው። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው 91 የሚለው ቁጥር እያንዳንዱ ጎማ 615 ኪሎ፣ 94 የሚለው 670 ኪሎ መሸከም እንደሚችል ይናገራል፤ ያን ያህል የሚሸከመው ግን የታዘዘለት ንፋስ ካለው ነው። በዝቅተኛ ንፋስ በሰዓት 120 ሲነዳ ጎኑ በእያንዳንዱ ዙር ይተጣጠፋል፣ መተጣጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የአዳማ ፀሐይ ሲጠበስ የዋለ አስፋልትም ሙቀቱ እንዳይወጣ ያግዛል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በፈጣን መንገዱ ዳር ተቦጫጭቆ የወደቀ ላስቲክ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ባለ ኤክስ.ኤል. ምልክት፣ ማለትም ለተጨማሪ ጭነት የተሠሩ፣ ጎናቸው አጭር የሆነ ጎማዎች እንዲያውም ሙሉ ጭነታቸውን ለመሸከም ከተራዎቹ የበለጠ ንፋስ ይፈልጋሉ፤ ማለትም ትልቅ ቸርኬ የገጠመ ሰው ብዙ ጊዜ መጨመር እንጂ መቀነስ አይገባውም። ንፋስም የሚለካው ጠዋት መኪናው ሳይነዳ ነው፤ ከአዲስ አበባ ገብቶ ትኩስ ጎማ ለክቶ «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ ያው ስህተት በሌላ መንገድ ነው።

ፈጣን መንገዱ ልሙጥ ነው ማለታቸውም የሚሠራው የክፍያ ጣቢያውን እስኪያልፉ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ የከተማው ነው፤ ቀለሙ የለቀቀ የፍጥነት መቀነሻ፣ ለቧንቧ ተቆፍሮ በአፈር የተደፈነ ቦይ፣ ድንገት የሚቆም ባጃጅ፣ ከዝናብ በኋላ ጥልቀቱ የማይታወቅ ጉድጓድ። 113 ሚሊ ሜትር ጎን ያለው ጎማ የጉድጓዱን ጠርዝ በላስቲኩ ይውጠዋል። 80 ሚሊ ሜትር የማይሞላው ግን ላስቲኩ በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ይቆነጠጣል፤ የውስጥ ክሩ ይበጠስና በማግስቱ ጎኑ ላይ እንቁላል የሚያህል እባጭ ይወጣል። እንዲህ ያለ ጎማ አይጠገንም። ላስቲኩ የማይውጠው ምት ወደ ኩሽኔታ፣ ወደ መሪ ቴስቲኒና ወደ አሞርዛተር ይሄዳል፤ ከባድ ቸርኬም ጉብታ ላይ ሲዘል ሞላው ቶሎ ወደ መሬት ሊመልሰው ስለሚቸገር፣ በሻካራ መንገድ ላይ መሬት መያዙ ራሱ ይቀንሳል። ያ ፈጥኖ የታዘዘው መሪ የሚያምረው ልሙጥ አስፋልት ላይ ብቻ ነው።

ስለ መልክ ብዙ አልከራከርም፤ የሰው ዐይን የራሱ ነው። ነገር ግን «ከ19 በታች የስፖርት መኪና አያምርም» ማለት ታሪኩን መርሳት ነው። ላምቦርጊኒ ካውንታሽ በብዙ ወጣት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሲኖር የነበረው ቸርኬ ባለ 15 ኢንች ነበር፤ ግርማ የሰጠው ከኋላ 345 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው ጎማ ነው። ማዝዳ ኤም.ኤክስ-5ን የመሰለ ትንሽ መኪና በባለ 16 ወይም በባለ 17 የተሣለው አካሉ ያንን ስለሚፈልግ ነው፤ ባለ 19 ቢገጠምለት ጋሪ ይመስላል። የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ከሰፊ ክንድ ቸርኬ ጀርባ የምትታይ ትንሽ ዲስክ በአባቱ ጫማ ውስጥ የቆመ ሕፃን ታስታውሰኛለች። መልኩ ዋጋ እንዳለውም ይታወቅ፤ ወደ አገራችን የሚገባው የግል መኪና ከ2024 ጀምሮ በኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሆን ከተወሰነ ወዲህ ይህ ይበልጥ ይመለከተናል። የ2021 ቴስላ ሞዴል ኤስ ፕላይድ በባለ 19 ኢንች በአንድ ቻርጅ 637 ኪሎ ሜትር ሲመዘገብለት፣ በባለ 21 ያገኘው 560 ነው። የጎማውና የቸርኬው ሽፋን ዓይነት ስለሚለያይ ልዩነቱ ሁሉ የዲያሜትር ባይሆንም፣ ባለቤቱ ትልቁን ሲመርጥ የተቀበለው ነገር ይኸው ነው።

በመጨረሻ ጸሐፊው ያገለገለ ባለ 20 ቸርኬ ገዝቶ፣ ፓራፋንጎው ቢነካ ጠርዙን ቆርጦ ማስገባት እንደሚቻል ጽፈዋል። ፓራፋንጎ መቁረጥ ቀላሉ ነው። ከባዱ ቸርኬው ከፋብሪካው ይበልጥ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ሲቀመጥ መሪው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ከእጅ መንጠቅ መጀመሩ፣ ኩሽኔታውም ያልተሠራለትን ጭነት መሸከሙ ነው። ያገለገለ ቸርኬ ደግሞ ፊቱን አይቶ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ጎሚስታ ቤት ሄዶ በባላንስ ማሽን ላይ ማሽከርከርና ከኋላ በኩል ማየት ያስፈልጋል፤ ፊቱ እንደ መስታወት የሚያበራው ቸርኬ የውስጥ ጠርዙ ሲሽከረከር እንደ ማዕበል ሲወዛወዝ፣ አንዳንዴም ከክንዱ ሥር በብየዳ የተደፈነና በቀለም የተሸፈነ ስንጥቅ ሲኖረው ይታያል። አልሙኒየም ቸርኬ ጥንካሬውን የሚያገኘው በፋብሪካ በተለካ ሙቀት ታክሞ ስለሆነ፣ በእሳት አሙቆ በመዶሻ ማቅናት ቅርጹን መልሶለት ጥንካሬውን ይወስድበታል።

ጸሐፊው በአዳማ አንድ የቶዮታ ጂ.አር.86 ባለቤት ጠይቋቸው ባለ 19 እንዲገጥም እንደመከሩት ገልጸዋል። እኔን ቢጠይቀኝ ያለውን ባለ 17 ቸርኬ ይዞ፣ ለባለ 19 ሊያወጣ ካሰበው ገንዘብ በከፊሉ አራት ጥሩ የስፖርት ጎማ እንዲገዛና ቀሪውን ለፍሬን ሸራና ለአላይመንት እንዲያስቀምጥ እነግረው ነበር። ሲገዛም ከዋጋው በፊት በጎማው ጎን በትንሽ እንቁላል ቅርጽ ውስጥ የታተመውን አራት አኃዝ ያንብብ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግሩታል። 3523 የሚል ካገኘ ጎማው የተሠራው በ2023 በ35ኛው ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 2015 ማብቂያ ላይ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ስንት ክረምት እንዳለፈው ከዚያ ይቁጠር።